ባትሪ ከመቀየሩ በፊት

ስኩተር አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚታማው ባትሪው ነው። አንዳንድ ጋራዥ ምርመራው እዚያው ላይ ያልቃል፤ አዲስ ይገባል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ጣጣው ከሌላ ቦታ የመጣ ከሆነ ግን አዲሱም ብዙ ሳይቆይ አሮጌውን ይከተላል። በተለይ ዕቃ የሚያደርሱ ልጆች ትንሿን የቮልት ማሳያ እንዲያስገጥሙ የምወተውተው ለዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ ስልክ ቻርጅ ያደርጋሉ፣ ተጨማሪ መብራት ይቀጥላሉ፣ በየደጁ ያጠፋሉ ያስነሳሉ። የማሳያዋ ዋጋ ደግሞ ከባትሪው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

የምታሳየው ቁጥር የሚገባን መቼ እንዳየነው ካወቅን ነው። እኔ ሦስት ጊዜ አስተውሉ እላለሁ።

አንደኛው ጠዋት ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ነው። ባለ 12 ቮልት የሚባለው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ስድስት ሴል አለው፤ ሙሉ ሲሆን እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ገደማ ይይዛል። ስለዚህ አርፎ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሹ ሄዷል፤ 12 ላይ ሲደርስ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። «12 ቮልት አለው፣ ምን ሆነ?» የሚሉኝ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሞተሪኖው ሲዞር ነው። ያኔ ቁጥሩ መውረዱ አይቀርም። ጠዋት 12.6 ያሳየው ባትሪ ከ9.5 በታች ከወደቀ ግን ሙሉ ቢመስልም አቅም የለውም፤ እሱን መቀየር ተገቢ ነው።

ሦስተኛው ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው ነው። ከ13.5 እስከ 14.5 ባለው መካከል ከቆመ ቻርጁ ደህና ነው። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ መቆጣጠር ተስኖታል፤ ባትሪውን ቀቅሎ ያደርቀዋል። 12 ላይ ከቀረ ደግሞ ወይ ዲናሞው፣ ወይ ሬጉሌተሩ፣ ወይ በመካከላቸው ያለው ሽቦ ነው።

በቅርቡ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ባትሪ ይቀይሩልኝ፤ ይኼም እንደ ፊተኛው ሞተብኝ» ብሎ መጣ። «እስቲ መጀመሪያ በእግርህ አስነሳው» አልኩት። ተነሳ። ነዳጅ ሲሰጠው ማሳያው ከ12.1 ንቅንቅ አላለም፤ ፍሬቻ ሲያበራ እንዲያውም ወደ 11.9 ወረደ። ሽፋኑን ፈታሁት። የሬጉሌተሩ ሶኬት ላስቲኩ ቀልጦ፣ አንደኛው ፒን ጠቁሮ ተጣብቋል። ሶኬቱን ቆርጬ በአዲስ ቀየርኩ፤ ቁጥሩ 14.2 ገባ። ባትሪውም ቻርጅ ተደርጎ አደረና ልጁ ያንኑ ይዞ ሄደ።

አገጣጠሙ ቀላል ቢሆንም የሚበላሽበት ቦታ አለው። ቀዩን ሽቦ በቀጥታ ባትሪው ላይ የሚያስሩ አሉ። ማሳያዋ ራሷ ትበላለች፤ 20 ሚሊአምፔር ብትወስድ በ24 ሰዓት ግማሽ አምፔር ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ብዙ ስኩተር የሚይዘው 4 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነውና ሳምንት የቆመ ሞተር ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ይገኛል። ጠባቂው ራሱ ሌባ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ቀዩ ከኳድሮው በኋላ፣ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ሽቦ ላይ ይቀጠል፤ መነሻው ላይ ባለ 1 አምፔር ፊውዝ ይግባ። ጥቁሩ ዝገት የሌለበት ማሳ፣ ማለትም ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተገናኘ ብረት፣ ይፈልጋል። ክረምቱን እንድትችል ጀርባዋ በሲሊኮን ይደፈን።

ከዚያ ቴስተር በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ያዙና ከማሳያዋ ጋር አነጻጽሩ። በኳድሮው በኩል ስለሚያልፍ ጥቂት ዝቅ ብላ ልታሳይ ትችላለች፤ ልዩነቱን አስታውሱት። ከወራት በኋላ ሰፍቶ ካገኛችሁት የኳድሮው ኮንታክት ወይም ማሳው እየደከመ ነው። የማስታወሻዬ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ ማሳያዋ የት እንደተበላሸ አትነግርም፣ የት መፈለግ እንደሚጀመር ግን ትጠቁማለች።

ዛሬ «ጠዋት 12.3፣ በጉዞ 13 ነው» ብለው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። እንዲህ ላለው ሰው «ባትሪው ሞቷል» ብሎ መሸኘት አይቻልም፤ ባትሪ መቀየር አለበት የሚል ባለሙያ ምክንያቱን በቁጥር ማሳየት ይኖርበታል። ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ሸክም አይደለም።