በአሠልጣኝና በባለቤቱ ስም የሚሰጥ የነፃ ትምህርት ዕድል

በአሜሪካ አገር አንድ አሠልጣኝ በአንድ ኮሌጅ ለብዙ ዘመን አገልግሎ ጡረታ ሲወጣ፣ የቀድሞ ተማሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተው በእርሱና በባለቤቱ ስም የነፃ ትምህርት ዕድል ማቋቋማቸው የተለመደ ነው። የሚስቲቱ ስም ለምን ይገባል? ገንዘቡስ እንዴት ሳያልቅ ይኖራል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ የጆን ዉደንን ታሪክ ማንሣት ይበቃል (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እኚህ ሰው ከ1948 እስከ 1975 ድረስ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ሆነው፣ በ12 ዓመት ውስጥ 10 ጊዜ የአገሪቱን ሻምፒዮና አሸንፈዋል። በወጣትነታቸው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ግን ለስፖርተኛ የሚሰጥ የነፃ ትምህርት ዕድል አልነበራቸውም፤ ምግባቸውን የሚያገኙት በተማሪዎች መኖሪያ ገበታ እያስተናገዱ ነበር። እጮኛቸው ኔል ራይሊ እስኪመረቁ ድረስ ጠበቋቸውና በ1932 ተጋቡ። አሠልጣኙ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ዘወር ብለው ባለቤታቸው የተቀመጡበትን ስፍራ ይፈልጉና በእጃቸው ምልክት ይሰጧቸው ነበር፤ ይህም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የኖረ ልማዳቸው ነው።

ወይዘሮ ኔል በ1985 አረፉ። ዩኒቨርሲቲው በ2003 የመጫወቻውን ሜዳ በዉደን ስም ሲሰይም፣ እርሳቸው የባለቤታቸው ስም እንዲቀድም ፈለጉ፤ ሜዳውም «የኔልና የጆን ዉደን ሜዳ» ተባለ። እርግጥ ይህ ሜዳ እንጂ የትምህርት ዕድል አይደለም፤ ምክንያቱ ግን አንድ ነው። ከቤቱ ርቆ የሚማር ተጫዋች በበዓል ቀን ብዙ ጊዜ የሚበላው በአሠልጣኙ ቤት ነው፤ ደመወዙ ግን የሚከፈለው ለአንዱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እንዲህ ያለው ስጦታ እንደሚታለብ ላም ነው፤ ላሚቱ አትታረድም። የተዋጣው ዋና ገንዘብ በሥራ ላይ ይውላል፤ ኮሌጁ በየዓመቱ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 በመቶ ያህሉን ነው። የተረፈው ትርፍ፣ የኑሮ ውድነት ገንዘቡን እንዳይበላው፣ በዋናው ላይ ይጨመራል። ለምሳሌ 50,000 ዶላር ቢዋጣ በ4 በመቶ ሒሳብ በዓመት 2,000 ዶላር ይሰጣል። 5,000 ብቻ ቢዋጣ ግን 200 ዶላር ነው፤ ለመጻሕፍት እንኳ አይበቃም። ኮሌጆች ዝቅተኛውን መጠን አስቀድመው የሚወስኑት ስለዚህ ነው። በእኔ አስተያየት፣ የተዋጣው ጥቂት ከሆነ ቋሚ ይሁን ብሎ ከማስቀመጥ በሦስት በአራት ዓመት ውስጥ ለተማሪዎች አከፋፍሎ መጨረስ ይሻላል።

ለጋሾችን ብዙ ጊዜ የሚያስከፋ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ተማሪውን የሚመርጡት እነርሱ አለመሆናቸው ነው። ሰጪው «ለእገሌ ልጅ ይሁን» ብሎ ቢያዝ፣ ሕጉ ስጦታውን እንደ በጎ አድራጎት አይቆጥርለትም፤ የግብር ቅናሹም ይቀርበታል። ሌላም አለ። የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ዲቪዥን ሦስት በሚለው ምድብ ያሉ ኮሌጆች፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ትንንሽና በአብያተ ክርስቲያናት የተመሠረቱ ናቸው፣ በስፖርት ችሎታ የትምህርት ዕርዳታ መስጠት አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ በእግር ኳስ አሠልጣኝ ስም የተቋቋመው ገንዘብ ኳስ ነክታ ለማታውቅ የነርስነት ተማሪ ሊደርስ ይችላል። አንዳንድ የቀድሞ ተጫዋቾች በዚህ ያጉረመርማሉ። እኔ ግን ምግቡን በአስተናጋጅነት ላገኘው ተማሪ ማስታወሻ የሚሆነው ይኸው ይመስለኛል።

ውሉ ሲጻፍ ግን ጥንቃቄ ያሻል። «ለትግል ቡድን አባላት ለሚቀርብ ሥራ» ተብሎ ጠበብ ባለ ቃል ከተጻፈና ኮሌጁ ያን ቡድን ቢዘጋ፣ ገንዘቡ ተማሪ ሳይደርሰው ሊቀመጥ፣ ዓላማውንም ለመለወጥ ፍርድ ቤት መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። «ያ ሲቀር ለማንኛውም ችግረኛ ተማሪ» የሚል አንድ መስመር ከፊርማው በፊት መጨመር ነው።