ዶሮ ጋቢዋን ለብሳ ትዞራለች

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ጊንጪ ላይ ወደ ሰሜን የታጠፈ ሰው፣ ሽቅብ ሲወጣ ቆይቶ የጄልዱ ወረዳ ዋና ከተማ ጎጆ ይደርሳል። ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ሐምሌ ላይ ጉሙ ከደጅ የማይጠፋበት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ውርጭ የሚወርድበት ደጋ ነው። አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የጄልዱ ደጋ ግን 3,000 ሜትርን ይጠጋል። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚወርድ፣ አምቦ ላይ ሹራብ የሚበቃው ምሽት ጎጆ ላይ ጋቢ ያስደርባል።

እዚህ በየግቢው ዶሮ አለ፤ አንዱ ቤት ሦስት፣ ሌላው ቤት አሥር። በኦሮምኛ ሉኩ ትባላለች። ዕንቁላሏ ለልጆች ቁርስ ነው፤ ሲጠራቀም ደግሞ ገበያ ወርዶ ጨውና ደብተር ይሆናል። ክረምት ገብቶ ዶሮዋ ኩምትር ብላ ስትውል፣ ሲነጋም ቆጡ ሥር ወድቃ ስትገኝ፣ «ብርድ ገደላት» ብለን እናልፈዋለን። ይህን ፍርድ ደግመን ብንመረምረው ደስ ይለኛል። የጠገበችና ላባዋ የደረቀ ጤነኛ ዶሮን የጎጆ ብርድ ብቻውን አይጥላትም። የሚጥላት ርጥበት ነው፤ ብርዱ ርጥበቱ በከፈተለት በር ይገባል። ይህን የተረዳ ሰው በትንሽ ወጪ፣ ያለ መብራትም ቢሆን፣ ዶሮዎቹን ከሰኔ እስከ ጥር ሊያሻግር ይችላል።

ከላባው ሥር

ማታ ዶሮዋ ቆጥ ላይ ከሰፈረች በኋላ ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ ከክንፏ ሥር አስገቡ። የላይኛው ላባ ቀዝቃዛ ነው። ከሥሩ እንደ ጥጥ ባዘቶ የሳሳ ላባ ታገኛላችሁ። ቆዳዋ ጋ ስትደርሱ ትኩሳት የያዘው ሰው ግንባር የነካችሁ ይመስላችኋል። እውነትም የጤነኛ ዶሮ የሰውነት ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ሰው እዚህ ሙቀት ላይ ቢደርስ ሆስፒታል ይወሰዳል።

ያን ሙቀት ይዞ የሚያቆይላት በላባው መሀል የታሰረው አየር ነው። ጋቢም የሚያሞቀን በክሩ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ዶሮ ሲበርዳት ላባዋን ነፍታ ድቡልቡል የምትለው ይህን አየር ለመጨመር ነው። ጋቢ ዝናብ ሲመታው ግን ይከብዳል፣ ገላ ላይ ይለጠፋል፣ ከነጭራሹ ባይለበስ ይሻላል። ላባም እንዲሁ ነው። ዶሮዋ ከጅራቷ መነሻ ላይ ካለች ትንሽ የቅባት እጢ በምንቃሯ እየወሰደች ላባዋን ትቀባለች፤ ይህ ካፊያን ይመልስላታል። እንደ ዳክዬ ውሃ የማያስገባ ልብስ ግን የላትም፤ ዶፍ ከወረደባት እስከ ቆዳዋ ትበሰብሳለች። የራሰ ጋቢዋን አውልቃ ልታሰጣው አትችልም፤ ለብሳው ታድራለች።

ላባ ያልደረሰላት ቦታ እግሯና ፊቷ ነው። ወደ እግሯ የሚወርደው ትኩስ ደም ከእግሯ ከሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም ጋር ጎን ለጎን ስለሚያልፍ፣ ሙቀቱን መንገድ ላይ ለተመላሹ ያቀብለዋል። ስለዚህ እግሯ ቢቀዘቅዝም ሆዷ አይቀዘቅዝም። ስትተኛ እግሯ ላይ ትቀመጣለች፣ ራሷን ክንፏ ሥር ትወሽቃለች። ለአደጋ የሚጋለጠው የአውራ ዶሮው ኩክኒ ነው፤ ረጅምና ስስ ከሆነ፣ ርጥበት ባለበት ቤት ውስጥ ከባድ ውርጭ ሲያገኘው ጫፉ ይጠቁራል። ከሐበሻ ዶሮዎቻችን ብዙዎቹ ግን አጭርና ከራሳቸው ጋር የተጣበቀ ኩክኒ ስላላቸው ለደጋ የተመቹ ናቸው።

ሁሉም ዶሮ እኩል አይለብስም። የአገራችንን ዶሮዎች ያጠኑ ሰዎች ጥቁር፣ መላጣ፣ ቀይ፣ ገብስማ፣ ነጭ እያሉ ባለቤቱ በሚጠራቸው ስም መዝግበዋቸዋል። ከእነዚህ መላጣ የምትባለው አንገቷ ላባ የሌለው ናት። ይህን የሚያመጣው ዘረመል ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ የዶሮዋን ላባ 20 በመቶ፣ ከሁለቱም ሲወረስ 40 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል። ቆላ ላይ ይህ በረከት ነው፤ ጎጆ ላይ ግን መላጣን የያዘ ሰው የቆጧን ነገር ከሌሎቹ ይበልጥ ሊያስብበት ይገባል። በ45 ቀን ዕድሜ ገደማ የሚከፋፈሉት እንደ ሳሶ ያሉ ዶሮዎችም ከሞቀ ቤት ስለሚመጡ፣ በክረምት ደጋ ሲደርሱ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ከዝናብ ውጭ ቆይተው አየሩን መልመድ አለባቸው።

የሚተነፍስ ቤት

ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ሐምሌ ላይ፣ ለዶሮዎቹ አዝነን ቤታቸውን ዙሪያውን በላስቲክ ጠቀለልነው። ቀዳዳ አላስቀረንም። ሳምንት ሳይሞላ ማስነጠስና ማንኮራፋት ጀመሩ፤ የሁለቱ ዓይን አበጠ። አንድ ጠዋት ላስቲኩን ከውስጥ በኩል ስነካው ውሃ እጄ ላይ ተንዠቀዠቀ። ያ ውሃ ዝናብ አልነበረም፤ ከራሳቸው እስትንፋስና ከኩሳቸው ተንኖ የመጣ ነበር። ያን ክረምት ያስታመምናቸው እኛው ካመጣንባቸው ዝናብ ነው።

ስለዚህ የዶሮ ቤት ሕጉ ሦስት ነው፦ ከላይ አያፍስ፣ ከታች አይርጠብ፣ ከጎን ይተንፍስ።

ከላይ፣ የሣር ክዳን ከቆርቆሮ ይበልጣል። ቆርቆሮ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ የዶሮዎቹ እስትንፋስ እዚያው ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ቆርቆሮ ያለው ሰው ከሥሩ የሣር ወይም የሸንበቆ ኮርኒስ ቢያበጅለት ጠብታው ይቀራል። ክዳኑ ከግድግዳው ርቆ ይውጣ፤ አጋድሎ የሚመጣ ዝናብ ግድግዳውን እንዳያገኘው። በሩም ዝናቡና ነፋሱ ለሚመጣበት ጎን ጀርባውን ይስጥ።

ከታች፣ ወለሉ ከመሬት ከፍ ይበል። በአራት እግር የቆመ የእንጨት ቤት ጎርፍ አይገባውም፤ ሸለምጥማጥም በቀላሉ አያገኘውም። መሬት ላይ የሚሠራ ከሆነ በድንጋይ ይነሣና ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈርለት። ወለሉ ላይ ከአምስት እስከ አሥር ሴንቲሜትር የሚሆን የገብስ ገለባ፣ የጤፍ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ይጎዝጎዝ። ጉዝጓዙን በየቀኑ ማገላበጥ፣ የራሰውን ማውጣት፣ ደረቁን መጨመር ያስፈልጋል። በእጅ ጨብጣችሁት እንደ ጭቃ ድቡልቡል ካለ ርጥብ ነው፤ ስትለቁት ከተበተነ ደኅና ነው።

ከጎን፣ ከክዳኑ ሥር፣ ቆጡ ላይ ከተቀመጡት ዶሮዎች ራስ በላይ፣ በሽቦ የተሸፈነ ክፍተት ዓመቱን ሙሉ ክፍት ይሁን። ርጥብ አየር ሞቃት ስለሆነ ወደ ላይ ወጥቶ በዚያ ይሄዳል፤ ነፋሱም ዶሮዎቹን ሳይነካ ከላያቸው ያልፋል። ቤቱ መተንፈስ አለመተንፈሱን ለማወቅ ጠዋት በሩን እንደ ከፈታችሁ ጎንበስ ብላችሁ ራሳችሁን በዶሮዎቹ ራስ ልክ አድርጉ። ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ ዓይናችሁን ከቆጠቆጠ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱት ያደሩትን አስቡ።

ቆጡ ከቀጭን ዘንግ ይልቅ አምስት ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ጠርዙ የተላገ እንጨት ቢሆን ይመረጣል። ዶሮዋ እንዲህ ባለው እንጨት ላይ ስትቀመጥ የሆዷ ላባ ጣቶቿን ይሸፍንላታል። ለአንዷ 20 ሴንቲሜትር ያህል ቦታ ይበቃታል። ቤቱ ለዶሮዎቹ ቁጥር እጅግ ሰፊ ከሆነ ጥግ ላይ ይተቃቀፋሉ፤ እጅግ ከጠበበ ደግሞ ርጥበቱ ይበዛል።

እናት የሌላቸው ጫጩቶች

እስካሁን የተናገርኩት ላባ ስላበቀለች ዶሮ ነው። ጫጩት ግን ገና ጋቢ አልደረሰላትም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ እየተቀነሰላት በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ላባዋ ሲሞላ ራሷን ትችላለች። ይህን ሙቀት የምትሰጣት ያቀፈቻት እናቷ ናት። ሆኖም እናት ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ ርጥብ ሣር ውስጥ ስትጭር ትውላለች፤ ጭልፊቱም አለ፣ ዝናቡም አለ። በገጠር ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው የሚያልቁበት ሁኔታ በአገራችን ጥናቶች ተደጋግሞ ተመዝግቧል።

ለዚህ የተገኘ መላ የድርቆሽ ሳጥን ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሰሎሞን ደመቀ ሳጥኑ ለገጠር ቤተሰብ ምን ያህል እንደሚመች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትሟል። አሠራሩን ሳየው የገረመኝ እሳትም መብራትም አለመኖሩ ነው። ከእንጨት ሳጥን ይሠራል። መሀሉ ላይ በሽቦ ክብ ጎሬ ይበጅለታል። በጎሬውና በሳጥኑ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት በሙሉ በደረቅ ድርቆሽ ይጠቀጠቃል። ከላይም አየር የሚያስገባ የድርቆሽ መከደኛ ይደረግለታል። ጫጩቶቹ ማታ ጎሬው ውስጥ ሲገቡ አንዱ የሌላውን ገላ ያሞቃል፤ ድርቆሹ ሙቀቱን ይዞ ያቆየዋል። ትኩስ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ከመጠቅለል የራቀ ነገር አይደለም፤ እዚህ ግን ዳቦው ራሱ ሙቀት ያመርታል። ቀን ቀን ከሳጥኑ ጋር በተያያዘ፣ በሽቦ በታጠረ መዋያ ወጥተው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ።

ሁለት ነገር መዘንጋት የለበትም። ጫጩቶቹ ጥቂት ከሆኑ ሳጥኑን ማሞቅ አይችሉም፤ ሳጥኑ በልካቸው ይሁን። ድርቆሹም ከራሰ በደረቅ ይተካ። ከሰል አንድዶ ጫጩት ያለበት የተዘጋ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ግን ጫጩቱንም ባለቤቱንም በጭሱ የሚገድል ነገር ነውና ጨርሶ አይሞከር። ጫጩቶቹ ደኅና መሆናቸውን ድምፃቸው ይነግራችኋል፦ ተበታትነው ለስለስ ባለ ድምፅ ካንጫጩ ተመችቷቸዋል፤ ተደራርበው በሰላ ድምፅ ከጮኹ በርዷቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ከሸሹ ሙቀቱ በዝቶባቸዋል።

ጥሬ፣ አመድና ክትባት

ብርድ የሚከፈለው በእህል ነው። ሙቀት ለማምረት ዶሮዋ በክረምት ይበልጥ ትበላለች። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ማታ ከመስፈሯ በፊት አንድ ጭብጥ ገብስ፣ ስንዴ ወይም የተከካ በቆሎ ብታገኝ፣ አንገቷ ሥር ባለው የእህል ከረጢት ይዛው ትወጣና ሌሊቱን ቀስ በቀስ ትፈጨዋለች። መፍጨቱ ራሱ ሙቀት ነው።

ክረምት ዶሮን አቧራ ያሳጣታል። ዶሮ የምትታጠበው በአቧራ ነውና መሬቱ ሁሉ ጭቃ ሲሆን ቅማልና ቁንጫ ይበዛባታል። ዝናብ በማያገኘው ጥግ ደረቅ አፈርና ከምድጃ የወጣ የቀዘቀዘ አመድ በአሮጌ ሣጥን ብታስቀምጡላት ራሷ ገብታ ትንከባለላለች።

ብዙ ጊዜ በብርድ የሚሳበበውን ሞትም ለይተን እናውቀው። ርጥብ ጉዝጓዝ የሚመቸው ኮክሲዲያ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ጫጩቶችን ደም ያስቀምጣል፤ የዚህ ግማሽ መድኃኒቱ ደረቅ ወለል ነው። ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ ግን መድኃኒት የለውም። በአንድ ሳምንት ሰፈሩን ሊጨርስ ይችላል፤ ዋናው መከላከያው ክትባት ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ ከክትባቶቹ አንዱ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ነውና መርፌ አያስፈልገውም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ፣ በአንድ ጠርሙስ የሰፈሩን ዶሮ በሙሉ ማስከተብ፣ በየጥቂት ወሩም መድገም፣ ከማንኛውም የቆጥ ጥበብ የሚቀድም ሥራ ነው።

እነዚህን ሁሉ ያደረገ ሰው ማታ የሚቀረው ትንሽ ነው። ፋኖሱን ይዞ ይወጣል፣ ይቆጥራቸዋል፣ ሁሉም መግባታቸውን ያያል፣ ጣቱን ከአንዷ ክንፍ ሥር ያስገባል። ውጭ ጉሙ ወርዶ ከሣር ክዳኑ ጫፍ ውሃ እየተንጠባጠበ ሊሆን ይችላል። ጣቱ ደረቅና ሞቃት ሆኖ ከወጣ፣ በሩን ዘግቶ ወደ ቤቱ ይመለስ፤ ዶሮዋም ጋቢዋን ተከናንባ ትደር።