እሳተ ገሞራ የቀረጻቸው የወረታና አካባቢው መስህቦች

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዙ ብዙ መንገደኞች ወረታን የሚያውቋት በማለፊያነቷ ነው። በዙሪያዋ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳም ስሙ የሚነሣው በሩዝ ምርቱና በከብት ዝርያው ነው። ይሁንና የደቡብ ጎንደሩ ሜዳ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ያወረሳቸው በርካታ መስህቦች ጎረቤት ነው።

ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ የሚገኘው የጉና ተራራ ከ10 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ በተደጋጋሚ በፈሰሰ ቅልጥ አለት የተገነባ፣ ዛሬ ግን እሳቱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ 100 ሜትር ይበልጣል። ከዚሁ ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወንዞች ተሸክመውት የወረዱት ደለል የፎገራን ሜዳ አንጥፏል። የጣና ሐይቅም የተፈጠረው የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ የአባይን መውጫ በመገደቡ ነው።

ከወረታ ወደ ጉና የሚያመራ ጎብኚ በመንገዱ ላይ በ1964 ዓ.ም የተመሠረተውን የአውራምባ ማኅበረሰብና በደብረ ታቦር አቅራቢያ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተሰኘውን መድፍ ያሠሩበትን ጋፋትን ማየት ይችላል። በደራ ወረዳ ጉማራ ወንዝ አጠገብ ደግሞ ብዙዎች ፈውስ ፈልገው የሚታጠቡበት የዋንዛዬ ፍል ውሃ ይገኛል።

በሜዳው ላይ ያሉት የሸሸርና የወለላ ረግረጋማ ቦታዎች ግን አደጋ ተጋርጦባቸዋል። በበጋ ወራት ከሰሜኑ የዓለም ክፍል ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ ክሬን የተሰኙ ባለ ረጅም እግር ወፎች የሚያርፉባቸው እነዚህ ቦታዎች ውሃቸው ለእርሻ እየተጠነፈፈ ስፋታቸው ቀንሷል። አካባቢው ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም በመዘገበው የጣና ሐይቅ የብዝኃ ሕይወት ክልል ቢታቀፍም፣ ረግረጉ ለአርሶ አደሩ የቀለብ ምንጭ ነው። ጉብኝቱ ለነዋሪው ገቢ ካላስገኘ፣ አርሶ አደሩ መሬቱን ለወፎቹ ይተዋል ብሎ መጠበቅ አዳጋች ይሆናል።

ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት የጎብኚዎች ፍሰት የተዳከመ በመሆኑ፣ ወደ ስፍራው ለመሄድ የሚያስቡ ሁሉ የመንገዱን ጸጥታ አስቀድመው ማጣራት ይኖርባቸዋል።