ለፈጣን አውቶሞቢል የጎማና የቸርኬ ልክ እንዴት ይመረጣል?



ስለ ፈጣን የስፖርት አውቶሞቢል ሲወራ፥ አብዛኛው ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጉልበትና በሰዓት ስለሚሮጠው ኪሎ ሜትር ነው። ጎማውን ግን የሚያስታውሰው ሲያልቅ ወይም ሲፈነዳ ብቻ ነው። ነገሩን ጠጋ ብለን ስንመረምረው ግን፥ ሞተሩ የሚሰጠው ኀይል፥ ፍሬኑ የሚያደርገው መግታት፥ መሪውም የሚያዝዘው ትእዛዝ ሁሉ ወደ መንገዱ የሚደርሰው በአራቱ ጎማዎች በኩል ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። እያንዳንዱም ጎማ መሬቱን የሚነካበት ስፍራ ከአንድ ሰው መዳፍ እጅግም የሚሰፋ አይደለም። በሰዓት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በሚሮጥ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሕይወቱን ያስያዘው በእነዚህ አራት መዳፎች ነው።

ስለዚህ የጎማና የቸርኬ ልክ መምረጥ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። በዛሬው ንግግራችን ይህ ልክ በምን ሁኔታ እንደሚመረጥ፥ ከልኩ ውስጥ አንዱን ቍጥር ብቻ የሚለውጥ ሰውም ሌሎቹን ሁሉ ሳያስበው እንዴት እንደሚያናጋቸው እንገልጻለን። ለምሳሌ የምንወስደውም በጀርመን አገር፥ በሽቱትጋርት ከተማ የሚሠራውን ፖርሼ 911 የተባለውን አውቶሞቢል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። አንድ ጎማ 205/55 አር 16 የሚል ጽሑፍ ቢኖረው፥ 205 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 55 ደግሞ የጎማው የጎን ቁመት ከወርዱ 55 በመቶ መሆኑን ያመለክታል፤ ይኸውም ወደ 113 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። «አር» የሚለው ፊደል ራዲያል የተባለውን የጎማ አሠራር ያሳያል። 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ሲሆን፥ አንዱ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ 406 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ የላዩንና የታቹን የጎን ቁመት ከቸርኬው ጋር ብንደምር፥ ጠቅላላው የጎማ ዲያሜትር 632 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ይገኛል። ይህን ሒሳብ እርሳስና ወረቀት ያለው ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ከዚህ በታች የምንናገረውም በአብዛኛው የተመሠረተው በዚሁ ሒሳብ ላይ ነው።

አሁን ወደ ምሳሌአችን እንመለስ። ፖርሼ 911 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ1963 በፍራንክፈርት የአውቶሞቢል ትርኢት ነው። ሞተሩ የተቀመጠው ከኋለኞቹ ጎማዎች ወደ ኋላ አልፎ ስለ ሆነ፥ ከመኪናው ክብደት የሚበዛው የሚያርፈው በኋለኞቹ ጎማዎች ላይ ነበር። ይሁን እንጂ አራቱም ጎማዎች በልክ አንድ ዐይነት ነበሩ፤ ወርዳቸው 165 ሚሊ ሜትር፥ ቸርኬአቸውም ወርዱ 4.5 ኢንች፥ ዲያሜትሩ 15 ኢንች ነበር። ነጂው ወደ መታጠፊያ በፍጥነት ገብቶ፥ ከመካከል ሲደርስ ደንግጦ እግሩን ከቤንዚን መርገጫው ላይ ድንገት ቢያነሣ፥ ክብደቱ ወደ ፊት ይገፋል፤ የኋለኞቹ ጎማዎች መሬቱን መያዝ ይሳናቸዋል፤ ከባዱ የኋላ ክፍልም ወደ ውጭ ይወረወርና መኪናው እንደ እንዝርት ይሾራል።

የፋብሪካው መሐንዲሶች ይህን ጠባይ ለማረም ብዙ ደከሙ። በመጀመሪያ በፊተኛው ፓራውልት ግራና ቀኝ እያንዳንዱ 11 ኪሎ የሚመዝን ብረት አኖሩ። ቀጥሎም ለ1969 በተዘጋጀው ሞዴል በፊተኛውና በኋለኛው ጎማ መካከል ያለውን ርቀት በ57 ሚሊ ሜትር አስረዘሙት። ከዚህ በኋላ በ1972 በፓሪስ ትርኢት ካሬራ አር ኤስ 2.7 የተባለውን ሞዴል ሲያቀርቡ፥ የፊተኛውን ጎማ 185/70፥ የኋለኛውን ግን 215/60 አደረጉት፤ የፊተኛው ቸርኬ ወርድ 6 ኢንች፥ የኋለኛው 7 ኢንች ሆነ። ክብደቱንም የሞተሩንም ኀይል በብዛት የሚሸከመው የኋላው ስለ ሆነ፥ ሰፊው ጎማ የተሰጠው ለእርሱ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንወዳለን። ሁለቱን ጎማዎች ቀደም ብለን ባሳየነው ሒሳብ ብናሰላቸው፥ የፊተኛው ጠቅላላ ዲያሜትር 640 ሚሊ ሜትር፥ የኋለኛው 639 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወርዱ በ30 ሚሊ ሜትር ሲጨምር፥ የጎኑ ቁመት በመቶኛ ስለ ቀነሰ ጠቅላላው ልክ ሳይናወጥ ቀረ። ለ1977 በተዘጋጀው የ911 ቱርቦ ሞዴል ቸርኬው ከ15 ወደ 16 ኢንች ሲያድግም የተሠራው እንዲሁ ነው። ፊተኛው 205/55፥ ኋለኛው 225/50 ሆኖ፥ የሁለቱም ዲያሜትር ወደ 632 ሚሊ ሜትር ደረሰ። ቸርኬው በ25 ሚሊ ሜትር ሲተልቅ፥ ጠቅላላው ጎማ የተለወጠው በ8 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የተቀነሰው የጎኑ ቁመት ነው።

ይህን ሥርዓት ያልተከተለ ሰው ምን እንደሚደርስበት እንይ። የመኪናው ጎማ 225/50 አር 16 የሆነ ሰው ለመልኩ ሲል ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ገዝቶ፥ 225/50 አር 17 ቢያስገባበት፥ ዲያሜትሩ ከ631 ወደ 657 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ልዩነቱ አራት በመቶ ነው። ከዚህ የተነሣ ፍጥነት መለኪያው 100 ሲያሳይ ከቀድሞው ይልቅ አራት ኪሎ ሜትር ይጨምራል፤ ማርሹ ይከብደዋል፤ መሪው ሲጠመዘዝም ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ሊፋተግ ይችላል። ያው ሰው 225/45 አር 17 ቢመርጥ ኖሮ ግን ዲያሜትሩ 634 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን፥ ልዩነቱ ከአንድ በመቶ በታች ይሆንለት ነበር። እናቶቻችን መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ጭምር ነው።

የጎኑ ቁመት ሲያንስ ጥቅሙ ምንድር ነው ቢባል፥ ዝቅተኛ ጎን በመታጠፊያ ላይ ብዙ ስለማይታጠፍ መኪናው ለመሪው ቶሎ ይታዘዛል። ትልቁ ቸርኬም በውስጡ ለትልቅ ፍሬን ስፍራ ይሰጣል። ጉዳቱ ደግሞ ይህ ነው፤ የጎማው ጎን የመኪናው የመጀመሪያ ሞላ ነው። እርሱ ሲያንስ ድንጋዩና ጉድጓዱ በቀጥታ ቸርኬውን ይመታል፤ ቸርኬው ይጣመማል፤ ጎማውም ይቀደዳል። በ2021 የቀረበው 911 ጂ ቲ 3 ከፊት 255/35 በ20 ኢንች ቸርኬ፥ ከኋላ 315/30 በ21 ኢንች ቸርኬ ያደርጋል። የጎኖቹ ቁመት ወደ 89ና 94 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ለለሰለሰ አስፋልትና ለእሽቅድምድም ሜዳ የታሰበ እንጂ፥ ጉድጓድ ለበዛበት መንገድ የሚመከር ልክ አይደለም።

በዚህ ሞዴል የፊተኛው ጎማ ዲያሜትር 686፥ የኋለኛው 722 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፥ «ታዲያ ፋብሪካው ራሱ እኩልነቱን አፍርሶ የለምን?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ፥ ፋብሪካው ማርሹን፥ ፍሬኑንና መንሸራተትን የሚከላከለውን ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ከመጀመሪያው ለዚሁ ልዩነት አስተካክሎ ሠርቷቸዋል የሚል ነው። ይህ መሣሪያ የአራቱን ጎማዎች ዙረት እያነጻጸረ የሚሠራ በመሆኑ፥ ባለቤቱ በገዛ ፈቃዱ በፊትና በኋላ መካከል ያለውን መጠን ቢለውጥ ፍርዱ ሊዛባ ይችላል። በአራቱም ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ ደግሞ የዲያሜትር ልዩነት ኀይሉን የሚያከፋፍለውን ክፍል ያለ ዕረፍት ያፋትጋል።

ስለ ወርድም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሰፊ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ የበለጠ ይይዛል። ዝናብ ሲዘንብ ግን ውሃውን ከሥሩ ገፍቶ ለማውጣት ሥራ ስለሚበዛበት፥ ከጠባቡ ይልቅ በዝቅተኛ ፍጥነት በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ በዚያች ቅጽበትም መሪውም ፍሬኑም ሥራቸውን ያቆማሉ። እንዲሁም እንደ 911 ባለ መኪና የፊተኞቹን ጎማዎች ብቻ ማስፋት፥ ፊቱ እንዲይዝና ኋላው እንዲለቅ ማድረግ ስለ ሆነ፥ መሐንዲሶቹ በብዙ ዓመት ድካም ያረሙትን አደገኛ ጠባይ በአንድ ቀን መመለስ ነው።

ወርድ ሁልጊዜ መጨመር የለበትም ለሚለው ነገር የጃፓኑ ቶዮታ 86 ጥሩ ምስክር ነው። ይህ የስፖርት መኪና በ2012 ለገበያ ሲቀርብ 200 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ዋናው መሐንዲስ ቴትሱያ ታዳ ግን በአራቱም በኩል 215/45 አር 17 የሆነ፥ ፕሪየስ በተባለው ቤንዚን ቈጣቢ መኪና ላይ ከሚደረገው ዐይነት ጎማ አደረጉለት። ዐሳባቸውም ነጂው የመኪናውን የመያዝ ወሰን በመጠነኛ ፍጥነት እንዲያውቀውና እንዲቈጣጠረው ነው። መኪናው ቀላል፥ ክብደቱም በፊትና በኋላ የተመጣጠነ ስለ ሆነ፥ ጠባቡ ጎማ አላሳፈረውም።

ከልኩ ጋር አብረው መታየት ያለባቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። ከቍጥሮቹ ቀጥሎ የሚጻፉት አኃዝና ፊደል ጎማው የሚሸከመውን ክብደትና የሚችለውን ፍጥነት ይናገራሉ። 97 የሚለው አኃዝ 730 ኪሎ፥ 105 የሚለው 925 ኪሎ መሸከምን ያመለክታል። ከፊደሎቹም «ኤች» በሰዓት 210፥ «ቪ» 240፥ «ደብሊው» 270፥ «ዋይ» 300 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ፋብሪካው ከወሰነው ያነሰ አኃዝ ወይም ፊደል ያለውን ጎማ በርካሽ መግዛት ትርፍ መስሎ የሚታይ ኪሳራ ነው። ቸርኬውም ቢሆን የብሎኖቹ አቀማመጥና ከሞዞው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚገባበት ልክ መስማማት አለበት። ቸርኬው ያለ ልኩ ወደ ውጭ ቢወጣ በኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል፤ ፍሬን ሲያዝም መሪው ወደ አንድ ወገን ሊጐትት ይችላል። ክብደቱም እንዲሁ ይታሰብበታል፤ ከባድ ቸርኬ ከአንድ ጉብታ ሲነጥር ቶሎ ወደ መሬቱ አይመለስም። ፖርሼ በ1966 ባወጣው 911 ኤስ ላይ ከአሉሚኒየም ተቀጥቅጦ የተሠራ ቀላል ቸርኬ ያደረገው ስለዚህ ነው።

በመጨረሻም ልኩ ትክክል የሆነ ጎማ ዕድሜው ካለፈ ልኩ ብቻውን አያድንም። በኅዳር ወር 2013፥ በ30ኛው ቀን፥ በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር የፊልም ተዋናዩ ፖል ዎከር ተሳፍሮበት የነበረው ፖርሼ ካሬራ ጂ ቲ ተጋጭቶ ተዋናዩና ነጂው ሞቱ። መርማሪዎቹ የአደጋው ምክንያት ከመጠን ያለፈ ፍጥነት መሆኑን ገለጹ። ጎማዎቹ ግን ዘጠኝ ዓመት ያህል የቈዩ እንደ ነበሩና ይህም የመኪናውን አያያዝ ሳይጐዳው እንዳልቀረ አመለከቱ። ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ይደርቃል። የተሠራበትም ጊዜ በጎኑ ላይ በአራት አኃዝ ተጽፏል፤ 2319 የሚል ቢሆን፥ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው።

እንግዲህ ጎማ ለመለወጥ የሚያስብ ሰው በዚህ ቅደም ተከተል ቢሠራ ይጠቀማል። አንደኛ፥ ፋብሪካው የወሰነውን ልክ በበሩ ምሶሶ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ወይም ከመመሪያው መጽሐፍ ያንብብ። ሁለተኛ፥ ሊገዛ ያሰበውን ጎማ ዲያሜትር አስልቶ ከቀድሞው ጋር ያነጻጽር። ሦስተኛ፥ የፊቱና የኋላው ልዩነት ፋብሪካው ባደረገው መጠን መቈየቱን ያረጋግጥ። አራተኛ፥ የክብደቱና የፍጥነቱ ምልክት እንዳያንስ፥ የቸርኬውም ወርድ ለጎማው እንዲስማማ ይጠንቀቅ። አምስተኛ፥ የተሠራበትን ጊዜ ይመልከት፤ ነፋሱንም ጎማው ሳይግል ያስለካ።

«የእኔ መኪና ወደ መሥሪያ ቤት የምመላለስባት ናት እንጂ የስፖርት መኪና አይደለችም፤ ይህ ሁሉ ለእኔ ምን ይረባኛል?» የሚል አንባቢ ቢኖር፥ በእርስዎም መኪና ጎማ ላይ የተጻፉት ቍጥሮች እነዚሁ ናቸው ብለን እንመልስለታለን። በ911 ላይ በሁለት መቶ ኪሎ ሜትር የሚታየው ስሕተት፥ በዝናብ ቀን በቍልቍለት መታጠፊያ ላይ በስድሳ ኪሎ ሜትርም ሊታይ ይችላል። ነገ ጧት ወደ ሥራ ሲሄዱ፥ መኪናውን ከማስነሣትዎ በፊት ጎንበስ ብለው አራቱንም ጎማዎች ቢያነቡና ከበሩ ሰሌዳ ጋር ቢያስተያዩ፥ የሚወስድብዎት ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።