በኅብረት ሥራ ላይ የሚታይ ልግመትና መፍትሔው

በየትምህርት ቤቱ ብዙ ተግባር የሚከናወነው በኮሚቴ ነው። ፈተና የሚያዘጋጅ፣ መጻሕፍትን የሚገመግም፣ ዲሲፕሊንን የሚከታተል ኮሚቴ ይቋቋማል። ሥራው ሲጓተት ግን ምክንያቱ ዘወትር የአባላቱ ስንፍና ተደርጎ ይወሰዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዳዩን ከማኅበራዊ ሥነ ልቡና አንጻር ማብራራት ነው።

ፈረንሳዊው የእርሻ መሐንዲስ ማክስ ሪንግልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ አብረው የሚጎትቱ ሰዎች ቁጥር በጨመረ መጠን የእያንዳንዱ አስተዋጽኦ እንደሚቀንስ አመለከተ። ይህ ጉልበትን አቀናጅቶ ካለመጠቀም ወይም ከትጋት መቀነስ ሊመጣ ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ላታኔ፣ ዊሊያምስና ሃርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ባወጡት ጥናት፣ ተሳታፊዎች ዐይናቸው ተሸፍኖ፣ ጆሮአቸው በማዳመጫ ተደፍኖ እንዲጮኹ አደረጉ። ለብቻው እየጮኸ ሳለ ከአምስት ሰዎች ጋር የሚጮኽ የመሰለው ሰው ያሰማው ድምፅ፣ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ ካሰማው 74 በመቶ ያህል ብቻ ሆነ። አብሮ የሚጮኽ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ጉድለቱ የመነጨው ከትጋት መቀነስ መሆኑ ታወቀ። ማኅበራዊ ልግመት የሚባለው ይህ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳሳዩት፣ የእያንዳንዱ ድምፅ ተለይቶ እንደሚለካ ሲታወቅ ልግመቱ ይጠፋል።

ይህን የምጽፈው ከራሴ ስሕተት በመነሣት ጭምር ነው። በአንድ ወቅት ዘጠኝ አባላት ያሉትን የመምህር መምሪያ አዘጋጅ ኮሚቴ እመራ ነበር። በሦስት ወር አንድ ምዕራፍ እንኳ ባለመጠናቀቁ፣ አባላቱ ትጋት ይጎድላቸዋል የሚል ሪፖርት አቀረብሁ። ኋላ ምዕራፎቹ በየስማቸው ሲደለደሉ፣ እነዚያው ሰዎች ሥራውን በስድስት ሳምንት ፈጸሙ። ጉድለቱ በእኔ የሥራ አደላደል እንጂ በሰዎቹ ጠባይ አልነበረም፤ ሪፖርቱ ግን በማኅደራቸው ቀርቷል።

ስለዚህ የሥራ ኃላፊዎች ሰውን ከመውቀሳቸው በፊት አሠራሩን ቢመረምሩ ይበጃል። አንደኛ፣ የአባላቱ ቁጥር ሥራው ከሚጠይቀው በላይ አይብዛ። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ በስምና በቀን ተለይቶ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ሦስተኛ፣ የሥራው ጥቅም ለአባላቱ ግልጽ ይሁን። መምህራንም አንድ ተማሪ ጽፎት ሌሎቹ ስማቸውን ብቻ የሚያሰፍሩበትን የቡድን ሥራ በዚሁ መንገድ ሊያርሙት ይችላሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ጌጥ የሚሆነው ግን እያንዳንዱ የራሱን ሎሚ በእጁ ሲይዝ ነው።