የጌጃ ሰፈር ጥራጊ የት ይደፋል?

ባለፈው ሳምንት በማታው ትምህርት «ጥራጊ» የሚለውን ቃል እያነበብን ሳለ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ» አሉኝ፤ «እኛ ጥራጊያችንን ከጓሮ እንደፋዋለን። አመዱ ለጎመኑ ነው። እበቱ ለማሳና ለማገዶ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ግን ጓሮ የለውም ይባላል። ታዲያ እሱ የት ይደፋዋል?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ገበሬ ያስቆጣ፣ ብዙ ገንዘብ የበላ፣ ሰውም የሞተበት ጉዳይ ነው። ስለዚህ «ለሳምንት ጽፌ አመጣዋለሁ» አልኳቸው። ይኸው ጻፍኩት።

አንድ ሰፈር እንያዝ። ጌጃ ሰፈር ይባላል። በአዲስ አበባ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ነው። የጭቃና የእንጨት ቤቶች ጣሪያ ለጣሪያ ተጠጋግተው የተሠሩበት፣ መንገዱ ጠባብ ሆኖ የኖረ አሮጌ ሰፈር ነው። በእንደዚህ ያለ ሰፈር አንዱ ቤት ሽንኩርት ሲቀቀል ሌላው ቤት ያስነጥሳል። ጓሮ የሚባል ነገር የለም። የሽንኩርቱ ልጣጭ፣ የጎመኑ ግንድ፣ አመዱ፣ ፌስታሉ፣ ሁሉም በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ደጃፍ ይቀመጣል።

ከዚያ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይመጣሉ። በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም ሴቶች ናቸው። ከረጢቱን በእጅ ጋሪ እየጫኑ ከየጉራንጉሩ ያወጡና ወደ ገንዳው ይወስዱታል። ገንዳ ስል ከብት የሚጠጣበትን ማለቴ አይደለም። ከብረት የተሠራ ትልቅ ሣጥን ነው፤ መኪና መጥቶ እንዳለ ያነሳዋል። ለዚህ ሥራ የከተማው ሰው ይከፍላል። ክፍያውም ከውሃ ሂሳብ ጋር ተደምሮ ይመጣል። ውሃ ብዙ የተጠቀመ ለጥራጊም ብዙ ይከፍላል ማለት ነው። የራሱ ቧንቧ የሌለውና ከጎረቤት በባልዲ የሚገዛው ግን ይህን ሂሳብ በዓይኑ አያየውም፤ ከባልዲው ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ይከፍለዋል።

የሰፈር ሰው አቤቱታ በየቦታው ያው ነው። አቤቱታ ማለት በደልን ለሚመለከተው ሹም ማሰማት ነው። በእድር ስብሰባ ቢሆን፣ በቀበሌ፣ ኋላም በወረዳ ስብሰባ ቢሆን፣ «ገንዳው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ለምን ቶሎ አይነሳም? ሽታው ልጆቻችንን አሳመመ፤ ለምን ከቤታችን ራቅ አይልም?» ይባላል። እውነታቸውን ነው። አንዲት ቆሻሻ ሰብሳቢ «እኛ ሦስት ቀን ብንቀር ሰፈሩ ይታፈናል» ብለውኛል። ነገር ግን «ይነሳልን» ያለው ሁሉ «ተነሥቶስ የት ይሂድ?» ብሎ አይጠይቅም። እኔም ከተማ ውስጥ ሆኜ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የጠየቁኝ እኚህ አባት ናቸው።

መልሱ ከ50 ዓመት በላይ አንድ ብቻ ነበር። ቆሼ! ቦታው በከተማው ደቡብ ምዕራብ፣ ረጲ የሚባለው ነው። ቆሼ የሚለው ስም «ቆሻሻ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። መኪናው ከልደታም፣ ከመርካቶም፣ ከቦሌም ጭኖ እዚያ ይገለብጣል። ሜዳው ኮረብታ ሆነ። ኮረብታው ተራራ አከለ። ቦታው በመጀመሪያ ከከተማ ውጭ ነበር፤ ከተማው እየሰፋ ሄዶ ከበበው። ድሆች በተራራው ሥር ጎጆ ቀለሱ። ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ በመሸጥ የሚኖሩም ብዙ ነበሩ።

የከተማው አስተዳደር ቆሼ መዘጋት እንዳለበት ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሌላ ቦታ ተፈለገ። የተገኘው በኦሮሚያ ክልል፣ በሰንዳፋ አካባቢ ነው። ሰንዳፋ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ጤፍና ስንዴ የሚበቅልበት፣ ከብት የሚረባበት የገበሬ አገር ነው። እዚያ ዘመናዊ የቆሻሻ መድፊያ ተሠራ። ከወጪው የፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ አለበት። ዘመናዊ የተባለበት ምክንያት አለው። ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ነገር ተነጥፎ፣ ከበሰበሰው ቆሻሻ የሚወርደው ጥቁር ፈሳሽ ወደ ጉድጓድ ውሃ እንዳይሰርግ ታስቦ የሚሠራ ነው። ወረቀቱ ላይ መልካም ነው።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። መኪኖቹ የከተማውን ጥራጊ እያራገፉ ይመለሱ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ የአካባቢው ገበሬዎች ተነሡ። «ሽታው አላስቀምጥ አለን፤ ውሃችን ተበከለ፤ ከብቶቻችን ታመሙ፣ ሞቱ» አሉ። መኪኖቹን አናሳልፍም አሉ። ዓመት ሳይሞላው ቦታው ተዘጋ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ገበሬዎቹ ልማት ጠሉ ወይ? አንዳንድ የከተማ ሰው እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ። እኔ አልስማማም። ማሳህ አጠገብ የአራት ሚሊዮን ሰው ጥራጊ ሲደፋ ዝም ትላለህ? ልማት የተባለው ለጌጃ ሰፈር ንጽሕና ነው፤ ለሰንዳፋ ግን ዝንብ ነው። የጌጃ ሰፈር እናትና የሰንዳፋ ገበሬ በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ተነጋግረው አያውቁም። አንዷ «ይነሳልኝ» አለች፤ ሌላው «አይደፋብኝ» አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። በመካከላቸው ቆሞ ሁለቱንም አስቀድሞ መስማት የነበረበት ሹም ነበር።

ገንዘቡስ? የሕዝብ ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም። ከነጋዴው ግብር፣ ከውጭ እርዳታና ብድር የሚሰበሰብ ነው። ይህ ተጠራቅሞ ለምን ለምን እንደሚወጣ በዓመት የሚደለደልበት በጀት ይባላል። የሰንዳፋው ወጪ ወጥቶ አለቀ፤ ቦታው ግን ተዘጋ። ገበሬውን አስቀድሞ ለማማከር የሚጠፋው የአንድ ዓመት ጊዜ ከዚያ ይረክስ ነበር።

ሰንዳፋ ሲዘጋ መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። ወዴት ይሂዱ?

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሼ ተራራ ተናደ። ከሥሩ የነበሩትን ጎጆዎች ደፈናቸው። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። አገሪቱ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠች። ሬሳው ለብዙ ቀናት እየተቆፈረ ሲወጣ ዘመድ ዳር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ ክምር ውስጥ የጌጃ ሰፈርም ከረጢት አለበት። ይህን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል፤ የእኔም ቤት ከረጢት አለበትና።

ከዚህ በኋላ እዚያው ረጲ፣ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ፋብሪካ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ። ግንባታው ከአደጋው በፊት የተጀመረ ነው። 120 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቷል። ቆሻሻው ይነዳል፤ እሳቱ ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩ መብራት ይሰጣል። በቀን 1,400 ቶን እንዲያነድ ታስቦ የተሠራ ነው። አንድ ቶን አሥር ኩንታል ነው፤ እንግዲህ 14 ሺህ ኩንታል መሆኑ ነው። ነገር ግን ሥራው እንደታሰበው ያለማቋረጥ አልሄደም። አንዱ ችግር እናንተም የምታውቁት ነው። የአዲስ አበባ ጥራጊ ከግማሽ በላይ የምግብ ትራፊ፣ ልጣጭና ቅጠል ነው። እርጥብ ነው። እርጥብ ኩበት ይነዳል ወይ?

አሁን ደግሞ ስለ አየሩ ልናገር። ይህ ነገር ለከተማ ሰው ብቻ አይደለም።

ልጣጭና ቅጠል አየር በሌለበት ታፍኖ ሲበሰብስ ጋዝ ይወጣዋል። ስሙ ሚቴን ነው። የላም ግሳትም ሚቴን አለበት። ይህ ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ የፀሐይን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ያፍናል። ኪሎ ለኪሎ ሲመዘን ከመኪና ጭስ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ያሞቃል። ምድር ስትሞቅ ዝናቡ ቀኑን ይስታል። በልግ ይቀራል፤ ወይ ክረምቱ በአንድ ሳምንት ይዘንብና አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አገራችን በ2004 ዓ.ም. የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ዕቅድ አውጥታለች። አሳቡ ይህ ነው፤ እያደግን ወደ አየር የምንለቀው ጋዝ ግን እንዳይጨምር። እውነቱን ለመናገር ከኢትዮጵያ የሚወጣው ጋዝ ከዓለም ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ከእኛም ውስጥ ብዙው የሚወጣው ከከብት፣ ከእርሻና ከደን ምንጣሮ ነው እንጂ ከቆሻሻ አይደለም። ቆሻሻ ግን ሳይታሰብበት የሚተው ነው። በቆሼም ከአደጋው በኋላ በጃፓን አገር ፉኩኦካ ከተማ በተለመደ ዘዴ ሥራ ተሠርቷል። የተበሳሳ ቱቦ በክምሩ ውስጥ ይቀበራል፤ አየር ይገባበታል፤ ፈሳሹም ይወርድበታል። ክምሩ ሲተነፍስ ሚቴኑ ይቀንሳል፣ የመናዱም ስጋት ይቀልላል። ውድ መሣሪያ አይፈልግም። እንዲህ ያለውን ዘዴ እኔ እወደዋለሁ።

ከእናንተ አንዳንዱ «ይህ የአዲስ አበባ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። የሰንዳፋም ገበሬ እንዲሁ ሳይል አልቀረም፤ መኪናው እስኪመጣ ድረስ።

ለመንገድ፣ ለግድብ፣ ለፋብሪካ ወይም ለቆሻሻ መድፊያ መሬት ሲፈለግ ካሳ አለ። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ተተኪ መሬት ላላገኘ ገበሬ የሚሰጠው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ግን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢ ተወስዶ በ15 እንዲባዛ ተደነገገ። ልዩነቱን አስሉት። አንድ ገበሬ ሦስት ዓመት በተከታታይ 20 ሺህ፣ 30 ሺህ፣ 25 ሺህ ብር አገኘ እንበል። ከፍተኛው 30 ሺህ ነው። በ15 ሲባዛ 450 ሺህ ብር ይሆናል። ይህንኑ አዋጅ የሚያሻሽል ሌላ አዋጅ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ስለዚህ ወደ ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት የሚሄድ ሰው ሁለቱንም፣ ዋናውንና ማሻሻያውን፣ አሳዩኝ ይበል።

በ2011ዱ አዋጅ ቅሬታ ማቅረቢያው 30 ቀን ነበር። ቀኑ የሚቆጠረው ማስታወቂያው ከደረሰህ ጊዜ ጀምሮ ነው። ዱሮ ማስታወቂያ ከቀበሌ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ የሚያነበው ጸሐፊው ብቻ ነበር። ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያላነበበው ወረቀት ላይ ያትም ነበር። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ማስታወቂያ ስታዩ መጀመሪያ ቀኑን ፈልጉ። ከዚያ ቁጥሩን። ከዚያ የማን ማኅተም እንዳለበት። ያልገባችሁን ቃል አስምሩበትና ወደ ማታው ትምህርት ይዛችሁት ኑ፤ በሰሌዳ ላይ ጽፈን አብረን እናነበዋለን።

ትናንት ማታ ይህንን ጽሑፍ ለእኚያ አባት አስቀድሜ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስለ ቆሼ ሲደርስ ከንፈራቸውን መጠጡ። ስጨርስ የጠየቁኝ ግን ሌላ ነው።

«የሽንኩርቱን ልጣጭና የጎመኑን ግንድ ከፌስታሉ ለይተው ቢያስቀምጡት፣ ለአፈር የሚሆን አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ አባባ» አልኳቸው። «ኮምፖስት ይባላል።»

«ታዲያ ማሳ ያለው ሰው ማዳበሪያ በውድ ይገዛል፤ ማሳ የሌለው ሰው ማዳበሪያውን በክፍያ ያስጥላል!» አሉና ሳቁ። ይህንን እኔ አላሰብኩትም ነበር፤ ጽሑፉ ውስጥ ያስገባሁትም ዛሬ ጠዋት ነው።

ለሚመጣው ሳምንት ትምህርታችን መለኪያ ነው። ሜትርና ሳንቲ ሜትርን እናነባለን። ከትምህርት ቤቱ ጓሮ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው የኮምፖስት ጉድጓድ እየለካን እንቆፍራለን። ገመድና ዶማ ይዛችሁ ኑ። ቤት ያለውን ልጣጭም፣ ፌስታሉን ለይታችሁ።