ጦር የሠራ እጅ ጦር ያፈርሳል



አንድ ወጣት «ለነገ ምን አሰብህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ነገ መኖሬን ማን ያውቃል?» ብሎ ቢመልስ ወላጅ ይከፋዋል። እንዲህ ያለ መልስ ግን በብዙ አገር ይሰማል። ወጣቱ ይህን የሚለው ስለ ሰነፈ አይደለም። ጦርነት ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። እናትና አባትም ቀባሪያቸውን ልጅ ራሳቸው እንዳይቀብሩት ይፈራሉ። እኛ ለማስተማር የመጣን ተማሪዎችም ወጣቶች ነንና ጥያቄው የእኛም ነው። ታዲያ የጦር መሣሪያ እየበዛ የሚሄድ ብቻ ነው? ወይስ ሊቀነስም ይችላል? ይህን አብረን እንመልከት።

ትጥቅ መፍታት ምንድን ነው?

ሁለት ጎረቤታሞች ተጣሉ እንበል። አንዱ ጠመንጃ ገዛ። ሌላው ይህን አይቶ ሁለት ገዛ። የመጀመሪያው በሬውን ሸጦ ሌላ ጨመረ። ሁለቱም «የምገዛው ራሴን ለመጠበቅ ነው» ይላሉ። ነገር ግን ሁለቱም እንቅልፍ አጡ፤ እርሻቸውንም ዳዋ ዋጠው። መንግሥታትም እንዲሁ ሲያደርጉ የመሣሪያ እሽቅድምድም ይባላል።

ትጥቅ መፍታት የዚህ ተቃራኒ ነው። «እኔ ብፈታና እሱ ባይፈታስ?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች በስምምነትና በምስክር ፊት መሣሪያቸውን ይቀንሳሉ። በአገራችን የተጣሉ ሰዎች ሲታረቁ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ዋስም ይጠራል። በመንግሥታት መካከል ደግሞ ውል ይጻፋል፤ ውሉ መከበሩንም ገብቶ የሚያይ ተቆጣጣሪ ይመደባል። ዋስ የሌለው ውል ምን እንደሚያመጣ እኛ ኢትዮጵያውያን በደንብ እናውቃለን።

የመርዝ ጋዝ

በ1917 ዓ.ም. ብዙ መንግሥታት በጄኔቭ ከተማ «በጦርነት ላይ የመርዝ ጋዝ አንጠቀምም» ብለው ተዋዋሉ። ኢጣሊያም ፈርማ ነበር። ውሉ ግን መርዙን መሥራትና ማከማቸት አልከለከለም። ገብቶ የሚያይም አልነበረውም።

ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ያ ውል ማንንም አላዳነም። በታኅሣሥ ወር በተከዜ አካባቢ አውሮፕላኖች መርዝ ጣሉ። ከዚያም በሌሎች የጦር ግንባሮች ይህንኑ ደጋገሙት። መርዙ እንደ ዘይት ያለ ፈሳሽ ነው። የነካውን ቆዳ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ዐይን ያጠፋል፤ የተነፈሰውን ሰው ሳንባ ይጎዳል። የተጎዳው ወታደር ብቻ አልነበረም፤ ገበሬውም፣ ከብቱም፣ የሚጠጣው ውሃም ጭምር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው ይህን ለዓለም መንግሥታት ተናገሩ። የደረሰ ረዳት ግን አልነበረም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም.፣ አዲስ ውል ለፊርማ ቀረበ። ይህኛው ውል መርዙን መሥራትንም ማከማቸትንም ይከለክላል። ከሁሉም በላይ ተቆጣጣሪዎች አሉት። ተቆጣጣሪዎቹ መጋዘኑን ከፍተው ያያሉ፤ ይመዘግባሉ፤ መርዙ ሲጠፋም ቆመው ይመሰክራሉ። በዚህ መንገድ መንግሥታት አለን ብለው ያስመዘገቡት ከ72,000 ቶን በላይ መርዝ ተደመሰሰ። በኩንታል ሲቆጠር ከ720,000 ኩንታል በላይ ማለት ነው። የመጨረሻው የጠፋው በሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. በአሜሪካ ነው።

ሥራው ግን አልቋል ማለት አይደለም። ጥቂት አገሮች እስካሁን ውሉ ውስጥ አልገቡም። በሶርያም በነሐሴ ወር 2005 ዓ.ም. ብዙ ሰው በመርዝ ጋዝ አልቋል። አጥር ታጠረ ማለት ሌባ ጠፋ ማለት አይደለም። ቢሆንም አጥሩን የሚያፈርስ አስተዋይ የለም።

የጃፓን ልጆች

ከመርዝ ጋዝ የከፋው መሣሪያ የአቶም ቦምብ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የአሜሪካ አውሮፕላን በጃፓን ሂሮሺማ ከተማ ላይ አንድ ቦምብ ጣለ። ከዚያ ቀን አንሥቶ በአምስት ወር ገደማ ውስጥ ወደ 140,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ።

ሳዳኮ ሳሳኪ የምትባል ልጅ ያን ጊዜ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች። ከእሳቱ ተረፈች። ነገር ግን ቦምቡ የሚረጨው የማይታይ ጨረር ከዓመታት በኋላም ያሳምማል። የደም ካንሰር ያዛትና በጥቅምት ወር 1948 ዓ.ም. በ12 ዓመቷ ሞተች። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች እድናለሁ በሚል ተስፋ ወረቀት እያጠፈች ወፎች ትሠራ ነበር።

የክፍል ጓደኞቿ አልቅሰው ብቻ አልቀሩም። በመላ ጃፓን ካሉ ተማሪዎች ገንዘብ አሰባስበው በቦምቡ ለሞቱት ልጆች ሁሉ ሐውልት አሠሩ። ሐውልቱ በሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ዛሬም አለ። ናጋሳኪ ሁለተኛዋ በአቶም ቦምብ የተመታች ከተማ ናት። የዚያ ተማሪዎችም ከ1993 ዓ.ም. ጀምረው ይህ መሣሪያ ይጥፋ የሚል ፊርማ ያሰባስባሉ። ፊርማውንም ጄኔቭ ላለው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ያደርሳሉ። በኒውዮርክ ከተማም በሰኔ 5 ቀን 1974 ዓ.ም. ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ወጥቶ ይህንኑ ጠይቋል።

ጩኸቱ ከንቱ ነው ወይ? በ1978 ዓ.ም. በዓለም ላይ ወደ 70,000 የሚጠጋ የአቶም መሣሪያ ነበር። ዛሬ ወደ 12,000 ገደማ ነው። ለመቀነሱ አንዱ ምክንያት ኃያላኑ ተዋውለው አንዱ የሌላውን መጋዘን መመርመራቸው ነው። የቀረው ግን ዓለምን ለማጥፋት ይበቃል። ዘጠኝ አገሮች ዛሬም ይዘውታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ገበሬ የክረምቱን ዝናብ አረጋግጦ አይዘራም። እጁን አጣጥፎም አይቀመጥም። አርሶ፣ አለስልሶ ይጠብቃል እንጂ። እኛ ወጣቶችም ነገን እንዲሁ ልናየው ይገባል። መሣሪያ ከሰማይ አልወረደም፤ ሰው ሠራው። ሰው የሠራውን ሰው ሊያፈርሰው ይችላል። ይህም በ720,000 ኩንታል መርዝ ላይ ታይቷል።

አሁን ማንበብ ችላችኋል። ስለ ሰላም ውል የሚነገር ወሬ በሬዲዮ ስትሰሙ ወይም በጋዜጣ ስታነቡ ሁለት ነገር ጠይቁ። ምን ያህል ተቀነሰ? ሲቀነስስ ማን አየ? ለልጆቻችሁም ይህንኑ መጠየቅን አስተምሯቸው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የ1917 ዓ.ም. ውል አገራችንን ያላዳነው ለምንድን ነው?

2. በአካባቢያችሁ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሲታረቁ ዋስ የሚጠራው ለምንድን ነው?

3. ወጣቶች ነገን ተስፋ እንዲያደርጉ ወላጆች ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?